ገና ያልደረሰ ተፎካካሪ

ክርክሩን የጫረችው «ያረጀ» የምትል ቃል ናት። ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው ትልልቅ ኩባንያዎች ገበያውን ጠቅልለው እንዳይዙ የሚከለክለውን የውድድር ሕግ እንዲህ ብሎ ጠራው።

«የአሜሪካው የሸርማን ሕግ እኮ በ1890 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያውን አይቢኤምን በ1969 ከሰሱት። 13 ዓመት ተጓተተና በ1982 መንግሥት ራሱ ክሱን ተወው። እስከዚያ ዓለም ወደ ግል ኮምፒውተር ዞሯል። ቴክኖሎጂን ሕግ አይደርስበትም፣ ተዉት!»

አብራን የነበረች አንዲት ጠበቃ አላስጨረሰችውም። «የአሜሪካውን የስልክ ኩባንያ ቤልንስ ረሳኸው? ክሱ በ1956 በስምምነት ሲዘጋ ፓተንቶቹን፣ ማለትም የፈጠራ መብቶቹን፣ ለሌሎች እንዲከፍት ተገዷል። የትራንዚስተሩ ሳይቀር! በዚያ ስንቱ ኩባንያ ተጠቀመ።»

እሱ ትልልቆቹ ጀማሪ ኩባንያዎችን ወደሚገዙበት ጉዳይ ዞረ። «ባለሀብት ለጀማሪ ኩባንያ ገንዘብ የሚያፈሰው ነገ አንዱ ትልቅ ይገዛዋል ብሎም ነው። ግዢውን ከከለከላችሁ ማን ይደፍራል?»

ይሄኛው ከበድ ያለ ነው። እሷም ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ የዲዛይን ሶፍትዌር የሚሠራውን ፊግማን አነሳች። ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ አዶቢ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ ነበር። የአውሮፓና የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች እንደማይፈቅዱ ሲገባው በ2023 መጨረሻ ውሉን ትቶ ለፊግማ 1 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። «ታዲያ ፊግማ ሞተ? በ2025 አክሲዮን ገበያ ገባ።»

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ስለ መዘግየቱ ግን እሱ እውነቱን ነው፤ ሕጉ የሚሸነፈውም እዚያው ላይ ነው። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ኢንስታግራም 13 ሠራተኞች ብቻ ነበሩት። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ስለዚህ ግዢው ዋጋ ያስወድዳል ተብሎ የሚለካ ነገር የለም። ተቆጣጣሪው አሳለፈው። ግዢው ይፍረስ ተብሎ ክስ የመጣው ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2020 ነው። በ2025 ፍርድ ቤቱ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያሉበትን የዛሬውን ገበያ አይቶ ለኩባንያው ፈረደ። ኢንስታግራም ብቻውን ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር አሁን ማን ሊያውቅ ይችላል?

ለዚህ ነው ጉዳዩ መታየት ያለበት በግዢው ጊዜ ነው የምለው። በአሜሪካ ግዢው ውድድርን እንደሚጎዳ የማስረዳት ሸክሙ በመጀመሪያ የመንግሥት ነው። ገና ያልደረሰን ተፎካካሪ በተመለከተ ይህን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ገዢው በገበያው የበላይ ከሆነ፣ እንደማይጎዳ ራሱ ያስረዳ። በ2012 እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው የሚነሳው 13ቱ ሠራተኞች ገና ራሳቸውን ችለው እየሠሩ ሳለ ነበር።