ዘይት የሚጠጣው ዘንባባችን

በብርዳማ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች አፈር በማበላሸት ረገድ ስማቸው ቢነሳም እንደ እኛ ግን አልታደሉም። መንገዱ በረዶ ሲጋግር ጨው ይበትኑበታል፤ ጨው ውሃ በረዶ የሚሆንበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ በረዶው ይቀልጣል፤ ቅላጩ ያወረደው ሶዲየም ደግሞ መንገድ ዳር ያለው አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ካልሲየሙን አፈናቅሎ፣ ጭቃውን ስለሚበታትነው መሬቱ ውሃ ማስረግ ያቅተዋል፣ የዛፎቹም ቅጠል ከጫፉ ያርራል። ይህን ሁሉ ለመፈጸም ግን የሰማይን ፈቃድ መጠበቅ ግድ ይላቸዋል። ምስኪኖች!

የባሕር ዳር ሰው ሰማይ አይለምንም። አስፋልታችን በረዶ ጋግሮ ባያውቅም፣ ያንኑ ሶዲየም ከዱቄት ሳሙና ጋር በጥብጠን፣ ባጃጅ ባጠብን ቁጥር ለዋልካው አፈር ዓመቱን ሙሉ እናጠጣዋለን። ጨው በታኞቹ ያላሰቡትን የተቃጠለ ዘይትም እንመርቅለታለን።

ባለፈው ሳምንት ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ላቫጆ ደጃፍ ይህን ጥበብ በቅርብ ለማየት በቅቻለሁ። ወጣቱ ከባጃጁ ሥር እጁን ሰዶ ብሎኑን ፈታ፤ እንደ ሬት የጠቆረውን ዘይት አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ተቀበለና፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ኮብልስቶኑን እንዳታቆሽሽ እየተጠነቀቀ፣ ዘንባባው ሥር ገለበጠው። ጥንቃቄው ልብ ይነካል። ዘይቱ የአፈሩን ቅንጣት ሁሉ ሸፍኖ አየርና ውሃ ወደ ሥሩ እንዳያልፉ ስለሚከለክል፣ ዘንባባው ከእንግዲህ ብርድ አይመታውም። ከሞተሩ የተፋቀው የብረት ብናኝም ምርቃት ነው።

የተረፈውን የሐምሌ ዝናብ ወደ ሐይቁ ያደርስልናል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፣ ውሃው ላይ በዘይት የምንስለውን ቀስተ ደመና ከሀብቶቹ መቁጠሩን እንጃ።

«ዛፉን አይጎዳውም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ አቧራውንም ያስተኛል፤ ዛፉም ለምዶታል» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ፤ ዝንጣፊዎቹ ከጫፋቸው ቡናማ ሆነው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። በእርግጥም ለምዶታል።

«ብስክሌትዎንም ላጥብልዎት?» ሲለኝ ደግነቱን መግፋት ነውር መስሎ ስለታየኝ ሰጠሁት። «ሳሙናውን በጥቂቱ» አልኩት፤ እሱ ግን እጀ ሰፊ ነበር።