የአብዮቱን ጽሑፎች ራሳቸውን እናንብባቸው

በማኅበራዊ ሚዲያ በንጉሡ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበረው ስለ ዋለልኝ መኮንን የማይከራከር የለም። አንዱ ለጭቁኖች የተሟገተ ጀግና ያደርገዋል፣ ሌላው አገር ያፈረሰ ጥፋተኛ። ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ያን ዝነኛ ጽሑፍ ያነበበው ግን ስንቱ ነው?

ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ነው። ህዳር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ወጣ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌሎች እንደነገሩት ነው። ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራ ጭምብል ማጥለቅ ግድ ሆኗል ማለቱን ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም ብሔረሰቦች በእኩልነት የሚታዩበት አንድ መንግሥት መመኘቱን ግን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ለውጥ በወታደር እጅ ይመጣል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ አይመጣም፣ መፈንቅለ መንግሥት የሰው መቀያየር ብቻ ነው ብሎ መመለሱንማ ማን ያነሳል? አምስት ዓመት ሳይሞላ ወታደሩ ሥልጣን ያዘ። ዋለልኝ ያንን አላየም፤ ህዳር 1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ተገደለ።

የብዙ ዘመን ታሪክን በጥቂት ገጽ መፍረዱ ችኩልነት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ማለት የምችለው ግን ጽሑፉን ካነበብኩ በኋላ ነው። አንድ የሃያዎቹ ወጣት የጻፈው የእኛን የዛሬ ክርክር እስከዚህ ከቀረጸ፣ ቃሉን በቃሉ ልናውቀው ይገባል።

በ1966 ክረምት ደግሞ ሁለት የኅቡዕ ጋዜጦች ወጡ፤ በኋላ የኢሕአፓ ልሳን የሆነው «ዴሞክራሲያ» እና የተቀናቃኙ የግራ ድርጅት የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»። በስቴንስል እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። «ዴሞክራሲያ» ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ሲል፣ የመኢሶኑ ቀስ በቀስ ሥልጣን የያዘውን የወታደሮች ቡድን ደርግን በሂሳዊ ድጋፍ፣ ማለትም እየተቹ፣ ወደ መደገፍ ሄደ። በ1968 ዓ.ም. ክርክሩ ወደ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾችም ገባ። ዴሞክራሲያዊ መብት ለማን፣ እስከ ምን ድረስ? በመንግሥት ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ በግልጽ መነሳቱ ለአንባቢው ትልቅ ነገር ነበር።

ብዙ አልቆየም። በ1969 ዓ.ም. ጎዳናው ላይ ጥይት ክርክሩን ተካው። በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ የሚፈለገው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና ማባዣም ይታደኑ ነበር። ወረቀት የተገኘበት ወጣት እስር ሊጠብቀው ይችላል፣ ሞትም ሊጠብቀው ይችላል። እናቶች የልጆቻቸውን ወረቀት በምድጃ አቃጠሉ። ማን ይወቅሳቸዋል? ልጅ ለማዳን ነው። የዚያ ትውልድ ሐሳብ ግን አብሮ ተቃጠለ።

የተረፈው በየቤተ መጻሕፍቱና በየሰው ሣጥን ተበትኗል። ሣጥኑን የያዙት ሰዎች አርጅተዋል፤ ውጭ አገር የሚኖሩም ብዙ ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ወረቀቶቹን ሰብስበው፣ ስካን አድርገው፣ ከነቀናቸውና ከነድርጅታቸው ስም ማንም በስልኩ ሊያነባቸው በሚችልበት ቦታ ያስቀምጧቸው። የኢሕአፓ፣ የመኢሶንና የደርግም ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ማንም የራሱን ወገን ብቻ መርጦ አያስቀምጥ። የዋለልኝንም ጽሑፍ አንድም ዐረፍተ ነገር ሳይጎድል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ አብረው ያውጡት።