መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ግዙ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ስልኩን ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ብር አለው። ጌም የሚጫወትበትን ዴስክቶፕ በራሱ እጅ ሊገጣጥም ነው። ዝርዝሩን አሳየኝ። ፕሮሰሰሩም፣ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱም፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራሙም ከነሞዴላቸው ተጽፈዋል። ለሁሉም ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ የሚለው ጋ ግን ያለው «ከኬዙ ጋር»፣ ማለትም ከውጪው ሳጥን ጋር፣ የሚል ብቻ ነው።

የተከራከርነው እዚች ላይ ነው።

ከኬዝ ጋር ተገጥሞ የሚሸጠው ፓወር ሰፕላይ ደብዳቤ ለሚጻፍበት ኮምፒውተር ይበቃል። ግራፊክስ ካርድ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ላዩ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። እሱን አትመኑ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ፈልጉና 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር እንዳለ እዩ። 18 ካለ በ12 አባዙት፤ 216 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚበሉት ከዚህ መስመር ነው። ልጁ የመረጠው ግራፊክስ ካርድ፣ አርኤክስ 580፣ ብቻውን 185 ዋት ገደማ ይወስዳል። የፕሮሰሰሩ 65 ሲጨመር 250 ሆነ። ጌሙ እንደተከፈተ አልቆለታል።

በዚህ ላይ የኛ መብራት አለ። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም ከፍ ዝቅ ይላል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ መከላከያ ስላለው ችግር ሲገጥመው ራሱን ያጠፋል። መናኛው ግን ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ላይ ደርሷል። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ «ጧ» አለ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዴም፣ አብሮ ሄደ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የቆጠብኩት ብር የአዲሱን ማዘርቦርድ ሩብ አልሞላም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ መናኛውን ግን ጥሩ አያደርገውም።

«80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ብዙ ሰው ያሳስታል። ከግድግዳ ከሚስበው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል ማለት ነው እንጂ ከቃጠሎ ያድናል ማለት አይደለም። ቢሆንም ምልክቱ ያለውን ብትመርጡ ይሻላል።

ዕቃ ከአሜሪካ ለሚላክላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዳንድ የቆዩና ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 ላይ እንዳለ እኛ 220 ላይ ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 ግፉት።

ከዚህ የሚተርፈው ብር በብዛት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይዋል ባይ ነኝ። ያገለገለ መግዛት ደግሞ አያሳፍርም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን አልፏል። አዲስ ካርድ ለብዙ ወጣት የማይቀመስ ሆኗል። ግን ሳትሞክሩ ብር አትክፈሉ። ሻጩ ፊት የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ውስጡ የድሮው 550 ቲአይ የሆነ ካርድ አለ፤ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ይናገራል። አርኤክስ 580ም ሁለት ዓይነት ነው። ዋናው 2304 ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች፣ አለው፤ ሌላው 2048። ሁለተኛውን በአንደኛው ዋጋ እንዳትገዙ። ከዚያ ከባድ ጌም ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አጫውቱት። ስክሪኑ ቢዥጎረጎር ወይም ኮምፒውተሩ ቢጠፋ አመስግናችሁ ውጡ። ግማሽ ሰዓት የማይታገስ ሻጭ ከሆነም እንደዚያው።

ፕሮሰሰር ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር አለው፤ ለእንዲህ ያለ ካርድ ከበቂ በላይ ነው። የኢንቴሉ ኮር አይ3 12100ኤፍም ያጫውታል። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤፍ» ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ካርዱ ከተበላሸ ስክሪኑም አብሮ ይጨልማል። ራሙን ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት አድርጉት፤ አንድ ባለ 16 ከመግዛት ጌሙን ያፈጥነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ላይ ስለተሰቀለ ያገለገለ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት ብትፈልጉ አይቆጫችሁም።

ልጁ በመጨረሻ ተስማማ። ያቀደውን ውድ ፕሮሰሰር ወደ 5600 አወረደና ልዩነቱን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ጨመረው። ኬዙንም ባዶውን ይገዛል። ትንሽ የከፋው ቀለም የሚቀያይሩትን ፋኖች ከዝርዝሩ ሲሰርዝ ነው። ቅዳሜ አብረን ስንወጣ አንዱን ከኔ ኪስ እገዛለታለሁ።