አራስ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ
የጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም እኛ ጋ ለመውጣት ግፊት ያንሰዋል። የሕፃን ጨርቅ ደግሞ ፈረቃ አይጠብቅም! ባለቤቴ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ለክትባት ስንወርድ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዛ ቀስ እያለች ስትረግጥ ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ልጁ በስንት እሹሩሩ ሲተኛ ከላይ ድሪሉ ይጀምራል። እሁድም አይቀር። ጎረቤቶች፣ በእናታችሁ እዘኑልን!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ብቻ ነው። በ3 ቀን እኮ አራስ ከአልጋዋ በወጉ አትነሳም። አማቴ ያሉት ክፍለ ሀገር ነው። እኔ ቢሮ ስውል ጄሪካኑን ማን ያውጣላት?