ማስተካከያ፦ ዓመተ ሂጅራ የሚቆጠረው ከሐበሻው ስደት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ባጋራሁት ጽሑፍ የሂጅራ (የእስልምና) ዘመን አቆጣጠር መነሻው ሶሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) ወደ ሐበሻ ያደረጉት ስደት ነው ብዬ ነበር። ስሕተት ነው። መነሻው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ወደ መዲና ያደረጉት ስደት ነው፤ ከዚያ እንዲቆጠር የተወሰነውም በኋላ፣ በኸሊፋ ዑመር ዘመን ነው።

የሐበሻው ስደት 7 ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ በ615 አካባቢ መሆኑ ነው። ቀደምት የሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው፣ የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ነበሩ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቆመው ከቁርኣን ሱረቱ መርየም አንቀጾችን አንብበዋል። ለእኛ ለሐበሾች ይህ ያለ ምንም ጭማሪ የሚያኮራ ታሪክ ነው።

ስሕተቱን ያሳዩኝ እዚሁ ባሕር ዳር የሚያስተምሩ አንድ ኡስታዝ ናቸው፤ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። ጽሑፌን ይዘው በጣና ዳር ለሰፈራቸው ልጆች ጥያቄና መልስ ያዘጋጁ ወጣቶች እንዳሉም ሰምቻለሁ። «ወደ መዲና» ብለው የመለሱ ልጆች ነጥብ አላገኙም። ትክክል ነበሩ፤ እባካችሁ ነጥባቸውን መልሱላቸው። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ያጋራችሁትም በታረመው ተኩት።