«ፎቶሽን ይዘሽ ሂጂ» ላላችሁ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከንፈር እንድትመጡልኝ አይደለም። ቤት ከፈረሰ በኋላ ፎቶግራፉን እየተቀባበልን ማዘንንማ ማን ብሎን። ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳም እንዲሁ አዝነን ነበር። ያን ኀዘን ይዘን ግን ልጃችን «የቅርስ ጥበቃ ላጥና» ሲለን «ምን በልተህ ልታድር?» ማለታችንን አልተውንም።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ፒያሳ ስትፈርስ ያየሁትን አንድ ነገር ይቅር ማለት አቅቶኛል። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነበር፤ ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ በረንዳው እንጨት፣ የጣሪያው ክፈፍ ደግሞ አናጢ እንደ ጥልፍ የፈለፈለው ጣውላ። አሮጌ ሕንጻ ማጥናት ሙያዋ የሆነ አንዲት ወጣት ቤቱን ክፍል በክፍል ለክታ፣ አራቱንም ገጽታውን ስላ፣ አዛውንት ነዋሪዎቹን ጠይቃ ታሪኩን መዝግባ ነበር። በዚያ ጠዋት የለመነችው «አታፍርሱ» ብላ እንኳ አልነበረም። አናጢዎች የበረንዳውን ምሰሶና ደረጃ፣ የክፈፉንም ጣውላ በቁጥር ምልክት እያደረጉ እስኪፈቱ ድረስ ማሽኑ ጥቂት እንዲታገሥ ብቻ ነበር፤ በቁጥር የተፈታ እንጨት ሌላ ቦታ ተመልሶ ሊቆም ይችላልና። የሥራው ኃላፊ አመነታ፤ ሊደውልም ስልኩን አወጣ። በዚህ መካከል ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «አሮጌ ጭቃ ነው፣ ፎቶሽን ይዘሽ ሂጂ!» ብሎ ጮኸ። ብዙው ሰው ሳቀ። ኃላፊውም ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ ለማሽኑ ነጂ በእጁ ምልክት ሰጠ። በረንዳው ሲወድቅ የሳቁት ሰዎች ለማገዶ የሚሆነውን ጣውላ ለመሻማት ሮጡ፤ እሷ ግን የሳለችውን ወረቀት እየጠቀለለች አቧራው ውስጥ ቆማ ቀረች። እኔም ከመካከላችሁ ነበርኩ፤ አልሳቅሁም፣ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ማንን ልክሰስ? የሚያመነታውን ሰው ያስጨከነው የእኛ ሳቅ ነው።

«ጭቃ» ብላችሁ የናቃችሁት ግድግዳ ስንት ክረምት እንደቆመ እናንተም ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚያበሰብሰው ለማሳመር ብለን የምንለጥፍበት ሲሚንቶ ነው፤ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ይህን የሚነግረን የዚያችው ልጅ ሙያ ነበር። በእርግጥ የቀበሌ ቤት ኑሮን አውቀዋለሁ፤ በጋራ መጸዳጃ፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ማንም ይኑር አልልም። የሰውን ኑሮ አሻሽሎ ቤቱን ማቆየት ይቻል እንደሆነ የሚመረምሩት ግን የከተማ ፕላን ባለሙያና የቅርስ ባለሙያ ናቸው፤ ስለዚህ ጉዳዩ በአንድ ጠዋት ሳቅ የሚወሰን አልነበረም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። አዋጁ ግን ቤት ለቤት ዞሮ አይለካም፤ የሚለካውና የሚመዘግበው ሰው ነው። ያን ሰው እያሳቀቅን ካባረርን፣ ሳይመዘገብ የቀረው ቤት ሁሉ የሚከራከርለት አያገኝም።

አሁን ተስፋዬ ትንሽ ናት፤ ብርቱም አይደለችም። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ዛሬም መስቀል አደባባይ አጠገብ ቆሟል፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም በባለሙያ እጅ ታድሶ በ2024 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ስለዚህ ደክሞኝም ቢሆን እለምናችኋለሁ፤ ሜትርና ደብተር የያዘ ወጣት በራችሁን ሲያንኳኳ አስገቡት፣ እናቶችና አባቶችም ቤቱን ማን እንደሠራውና ማን እንደኖረበት ንገሩት። ልጃችሁም ይህን ሙያ ቢመርጥ ተዉት፣ ይማር።