ክርክር፦ ፓስዎርዳችንን ከፍለን እናስጠብቅ ወይስ ራሳችን እንጠብቅ?

አራት ኪሎ የሚሠራ የኔትወርክ ቴክኒሻን ምንጩ ክፍት የሆነ፣ ማለትም ኮዱን ማንም ሊያየው የሚችል፣ የፓስዎርድ ማስቀመጫ በራሱ ሰርቨር ጭኗል። ፒያሳ ቢሮ ያላቸው የሂሳብ ባለሙያ ደግሞ ኩባንያ የሚያስተዳድረውን ማስቀመጫ በዶላር ከፍለው ይጠቀማሉ።

ቴክኒሻኑ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ በተባለው የፓስዎርድ ማስቀመጫ ኩባንያ ላይ የደረሰውን እናስታውስ። ሌቦች የደንበኞችን ካዝና፣ ማለትም ፓስዎርዶቻቸው የተቀመጡበትን ፋይል፣ ቅጂ ወሰዱ። ፓስዎርዱ የተመሰጠረ ነበር፤ የድረ ገጾቹ አድራሻ ግን አልነበረም። ማን በየትኛው ባንክ እንደሚጠቀም ይነበባል። የከፈለም አልዳነም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዶላር ክፍያ ከብዷል። እኔ ቮልትዋርደን የተባለውን ነጻ የሰርቨር ፕሮግራም ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ቢትዋርደን በተባለው የፓስዎርድ አፕ እከፍተዋለሁ። ሰርቨሩ አልጋዬ ስር ነው። ዘበኛውም እኔው ነኝ።

ባለሙያዋ፦ አልጋ ስር? ወንድሜ፣ ሌባ መጀመሪያ የሚያየው አልጋ ስር ነው። እኔ ቢሮ 6 ሠራተኛ አለ። ግብር የምናሳውቅበት ቀን መብራት ቢጠፋ ማንን ልጥራ?

ቴክኒሻኑ፦ አፑ የመጨረሻውን ቅጂ ስልክዎ ላይ አመስጥሮ ይይዛል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይነበባል። ሌባ ኮምፒውተሩን ቢወስደውም ካዝናውን የሚከፍተውን ዋናውን ፓስዎርድ ካላወቀ የተቀመጡትን ፓስዎርዶች አያነብም። እርስዎ ግን ስለ ላስትፓስ አንድ ቃል አልመለሱም።

ባለሙያዋ፦ «ዘበኛውም እኔው ነኝ» ያልከው አንተ ነህ። ዘበኛ ይተኛል፣ ይታመማል። አፕዴት ሲወጣ ቶሎ የሚጭነው ማነው? ለእኛም አንድ ጎበዝ ልጅ እንዲሁ ጭኖልን ነበር። ውጭ ሀገር ሄደ። ከዚያ ማሽኑ ተበላሸ። ባክአፑ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቢሮው ደጅ እየጠናን ፓስዎርድ አስቀየርን። ነጻ የተባለውን እንዲህ ነው የከፈልኩት።

ቴክኒሻኑ፦ ያ ልጅ እኔ አይደለሁም። በእሱ ጥፋት ሙያዬ ሲመዘን ያመኛል። እኔ በየሳምንቱ ባክአፕ እወስዳለሁ። አንዱ ቅጂ ሜክሲኮ፣ እህቴ ቤት ነው።

ባለሙያዋ፦ እህትህ ልትከፍተው ትችላለች?

ቴክኒሻኑ፦ ዋናውን ፓስዎርድ አታውቅም። እኔ ባልኖር የማምነው ሰው ካዝናዬን እንዲከፍት የሚያስችል፣ የአደጋ ጊዜ መክፈቻ የሚባል አለ፤ እሷን አስመዘግባለሁ።

ባለሙያዋ፦ ሰርቨሩ ከቆመ እሱም አይሠራም። እኔ የምጠቀምበት የቢሮ አካውንት ላይ ሠራተኛ ዋናውን ፓስዎርድ ቢረሳ አስተዳዳሪዋ እኔ መልሼ አስገባዋለሁ። ሰርቨሩን የሚያስነሳው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። የምከፍለው ለዚህ ነው።

ቴክኒሻኑ፦ እሺ፣ በዚህ ልክ ነዎት። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፖስታ አሽጌ ለእህቴ እሰጣታለሁ። ቅዳሜ ሰርቨሩን እንዴት እንደምታስነሳም አሳያታለሁ። የላስትፓሱን መልስ ግን አሁንም እጠብቃለሁ።